የሙዚቃ እቁብ በደሴ፦ ኤሌክትሮኒክና አምቢየንት ሙዚቃን ፈልጎ የማግኘትና የመካፈል መመሪያ

ከአራት ዓመት በፊት ኮምቦልቻ ለሚኖር ወዳጄ ሦስት ሺህ ያህል የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ፋይሎች በፍላሽ ሞልቼ ሰጠሁት። ሌሊት ሌሊት እየተነሳሁ ያወረድኋቸው ስለነበሩ ትልቅ ስጦታ የሰጠሁት መስሎኝ ነበር። ከወራት በኋላ ደሴ ፒያሳ ላይ ተገናኘንና የትኛውን እንደወደደው ጠየቅሁት። "ከየቱ እንደምጀምር ግራ ገብቶኝ አልከፈትሁትም" አለኝ አንገቱን ደፍቶ። ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ የሃያ ደቂቃ ርዝመት ያለው አንድ ሥራ ብቻ ሰጠሁት። ከፍላሹ ጋር ያያዝሁት ብጣሽ ወረቀት "ማታ፣ መብራት አጥፍተህ፣ በጆሮ ማዳመጫ ስማው። ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ የሚመጣውን ድምፅ ጠብቀው" ይላል። በዚያው ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ ደወለልኝ።

ዛሬ ሰባት ሆነናል፤ አራታችን ደሴ፣ ሁለቱ ኮምቦልቻ፣ አንዷ ሐይቅ ከተማ። የምንገናኘው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። አሠራራችን እቁብ ነው፤ ገንዘብ የሌለበት፣ ሙዚቃ የሚጣልበት እቁብ። እናንተም በወልዲያም ሆነ በከሚሴ ከሁለት ሦስት ወዳጆቻችሁ ጋር ልትጀምሩት ስለምትችሉ እንዴት እንደምንሠራው አንድ በአንድ እጽፋለሁ።

አንደኛ፦ ከሚታወቅ ድምፅ ተነሱ

አምቢየንት የሚባለው ሙዚቃ ምቱ የደበዘዘ ወይም ጭራሹን ምት የሌለው፣ ዜማው የማይቸኩል፣ ክፍሉን እንደ ዕጣን ቀስ ብሎ የሚሞላ ነው። ስሙን ያወጣለት እንግሊዛዊው ብራያን ኢኖ ነው። በ1975 መጀመሪያ ላይ (በዚህ ጽሑፍ ካልገለጽሁ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ታክሲ ገጭቶት አልጋ ላይ ውሎ ሳለ አንዲት ወዳጁ የሃርፕ (ብዙ አውታር ያለው የፈረንጅ መሣሪያ) ሙዚቃ ያለበት ሸክላ አመጣችለት። ሸክላው ሲከፈት ድምፁ በጣም ዝቅ ያለ ሆነ፤ ከሁለቱ ስፒከሮችም አንዱ አይሠራም ነበር። ተነስቶ ለማስተካከል አቅም አልነበረውም። ውጪ ዝናብ እየጣለ ነበርና ከሃርፑ ጎላ ያሉት ድምፆች ብቻ ከዝናቡ መሀል ብቅ እያሉ ይሰሙት ጀመር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አምቢየንት የሚለውን ስም የያዘውን የመጀመሪያ አልበም አወጣ።

ሐምሌ ላይ ደሴ ውስጥ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ራዲዮ ለመስማት የሞከረ ሰው ኢኖ የሰማውን ሰምቷል። ስለዚህ ለሙዚቃው እንግዳ የሆነን ሰው መጀመሪያ የምታሰሙበትን ጊዜ ምረጡ። እኔ ክረምትን እመርጣለሁ፤ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሰፈሩን ሲሸፍነው፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲሰበሰብ። በደረቅ ቀን፣ በመኪና ጥሩምባ መሀል፣ ይህን ሙዚቃ ለአዲስ ሰው መክፈት ሙዚቃውንም ሰውየውንም መበደል ነው።

የመጀመሪያው ስብሰባችን በአንድ ጓደኛችን ቤት ነበር። ሁላችንም እትዬ የምንላቸው አክስቱ ቡና ያፈሉልናል። አንድ ረጅም ሥራ ከፍተን አንገታችንን ደፍተን እያዳመጥን ሳለ፣ ስምንት ደቂቃ ያህል ታግሠው "ልጆቼ፣ ይህ ዘፈን መቼ ነው የሚጀምረው?" አሉ። የምንመልሰው ጠፋን። ሙዚቃውን አቆምሁና ስልኬ ላይ የነበረ የበገና ቅጂ ከፈትሁላቸው። በገና አሥር አውታር አለው፤ አውታሩ በሚያርፍበት ቦታ እንዝራ የሚባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ይገባል። አውታሩ ሲመታ ከቆዳው ጋር እየተነካካ ያንን የሚያጉረመርም፣ ደረት ውስጥ የሚገባ ድምፅ ያወጣል። ይህንን ያውቁታል፤ ዐቢይ ጾም በመጣ ቁጥር በራዲዮ ይሰሙታል። ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ ወደ ቀድሞው ሥራ ስመለስ ጀበናውን እንደያዙ ቆም አሉና "አሃ፣ ለዚህም እንዝራ አስገብተውለታል" አሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ለአዲስ ሰው አምቢየንት ሳሰማ ሁልጊዜ በገናን አስቀድማለሁ።

ከበገና ቀጥሎ ወደ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚያሻግር ድልድይ ያስፈልጋል፤ ለእኛ ሰው ከኃይሉ መርጊያ የተሻለ ድልድይ አላገኘሁም። የዋልያስ ባንድ የኦርጋን ተጫዋች የነበረው ኃይሉ በ1985 አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አካባቢ፣ አኮርዲዮኑን ከሞግ ሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥር ኪቦርድ)፣ ከሮድስ ፒያኖ፣ ከያማሃ ዲኤክስ 7 ሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አዋሕዶ ብቻውን አንድ ካሴት ቀረፀ። ለብዙ ዓመታት የታክሲ ሹፌር ሆኖ ሲሠራም ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዱን ከመኪናው ዕቃ መጫኛ እያወጣ ይለማመድ ነበር። ያ ካሴት በ2013 በሸክላና በሲዲ እንደገና ታትሞ ዓለምን ዞረ። ዜማው የእኛ ስለሆነ ሰሚው ይከተለዋል፤ ድምፁ ደግሞ ጆሮውን ለሌላው ያዘጋጀዋል። ከእሱ ወደ ሚካኤል ሰይፉና ወደ እንደገና ሙሉ እለፉ። ሁለቱ አዲስ አበቤዎች ከ2014 ጀምሮ ባወጧቸው ሥራዎች ማሲንቆውንና ክራሩን ከኮምፒውተር ምት ጋር አጋብተው "ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ" ለሚባለው መንገድ መሠረት ጥለዋል።

"ይህ የፈረንጅ ጩኸት ነው" የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ደግሞ የሃሊም ኤል ዳብህን ታሪክ ንገሩት። ግብፃዊው ኤል ዳብህ በ1944 ካይሮ ውስጥ በሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀርፅ መሣሪያ ተውሶ የዛር ሥርዓት የሚያደርጉ ሴቶችን ቀረፀ። ከዚያም ቅጂውን በስቱዲዮ ውስጥ እያስተጋባና እየለወጠ አዲስ ሥራ አወጣበት። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር በባቡር ድምፅ የሠራውን ዝነኛ ሥራ ከማቅረቡ አራት ዓመት መቅደሙ ነው። ይኸው ኤል ዳብህ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያንም አቋቋመ። ዛርን ለማያውቅ የወሎ ሰው ነው ይህን የምትነግሩት? እኔ ስነግር አድማጩ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ይጠጋል።

ሁለተኛ፦ ፍለጋው

የስልክ መተግበሪያዎች "ይህንንም ትወዱታላችሁ" እያሉ የሚያቀርቡትን መከተል ቀላል ነው፤ ግን ሁሉንም ሰው ወደ አንድ ገበያ ነው የሚወስዱት። እኔ ሦስት ክሮች እከተላለሁ።

የመጀመሪያው አሳታሚው ነው። አንድ ሥራ ከወደዳችሁ የዘፋኙን ስም ትታችሁ ያሳተመውን ቤት ፈልጉ። የሚካኤል ሰይፉንና የእንደገና ሙሉን የመጀመሪያ ሥራዎች ያወጣው ዋሽንግተን ያለ 1432 አር የተባለ ትንሽ አሳታሚ ነው። አንዱን ያገኘ ሰው በአሳታሚው በኩል ሌላውን ያገኛል። ባንድካምፕ የተባለው መድረክ ለዚህ አመቺ ነው፤ የአንድ አሳታሚ ሥራዎች በሙሉ በአንድ ቦታ ይታያሉ፣ ብዙውንም ሳይከፍሉ ማዳመጥ ይቻላል።

ሁለተኛው መሣሪያው ነው። የኃይሉን ዲኤክስ 7 የወደደ ሰው መሣሪያው በ1983 ገበያ ላይ እንደወጣና ያ ደወል መሰል ድምፅ በዚያ ዘመን በየአገሩ እንደተሰማ ሲያውቅ፣ የ1980ዎቹን የጃፓን አምቢየንት ለመፈለግ መንገድ ያገኛል። ጃፓናዊው ሂሮሺ ዮሺሙራ በ1982 ያወጣው የመጀመሪያ አልበም በሮድስ ፒያኖ የተሠራ ነው፤ ኃይሉ የተጫወተበት ዓይነት መሣሪያ ማለት ነው። ሁለቱን አከታትላችሁ ስሟቸው።

ሦስተኛው ክር የሁላችንም ነው፤ ቅኝት። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታዎችን ስም ይዘዋል። አምባሰልን በኪቦርድ ከዶ ብትነሱ ዶ፣ ሬ ዝቅ ብላ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ዝቅ ብላ ታገኛላችሁ። የጃፓን ባህላዊ ሙዚቃም እነዚህኑ አምስት ርቀቶች የሚጠቀምበት ቅኝት አለው። የሐይቋ አባላችን ኮቶ የሚባለው የጃፓን የአውታር መሣሪያ በኤሌክትሮኒክ ድምፅ የታጀበበት አንድ ሥራ አምጥታ ያሰማችን ዕለት፣ ከመካከላችን አንዱ ሳያውቀው የአምባሰል ዜማ ማንጎራጎር ጀምሮ ነበር። ጆሯችሁ ያደገበትን ቅኝት በሰው አገር ሙዚቃ ውስጥ መፈለግ ከማንኛውም ዝርዝር የበለጠ ያስገኛል።

ሦስተኛ፦ ፋይሉን አክብሩት

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ አለ። በኤምፒ 3፣ በሰከንድ 128 ኪሎቢት የተጨመቀ ሙዚቃ በደቂቃ 1 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ በ320 ኪሎቢት ደግሞ 2.4 ሜጋባይት። ያልተጨመቀው የሲዲ ጥራት በደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ፍላክ የሚባለው ምንም ሳይቀንስ የሚጨምቅ ዓይነት ብዙውን ጊዜ ይህን ወደ ግማሽ ያወርደዋል። ስለዚህ የ45 ደቂቃ አልበም በ128 ወደ 43፣ በ320 ወደ 108 ሜጋባይት ይሆናል።

ለዘፈን 128 ይበቃ ይሆናል። ለአምቢየንት ግን አይበቃም። በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ብዙው ነገር የሚሆነው ድምፁ ሲከስም ነው፤ አንድ ኖታ ተመትቶ እንደ ገደል ማሚቶ እየራቀ እየራቀ ይሄዳል። በደካማ ጥራት ሲጨመቅ ያ ጅራት ውሃ ውስጥ እንደገባ ይንቦጫረቃል። ፋይል ስትቀበሉ የሥራውን የመጨረሻ ሠላሳ ሰከንድ በጆሮ ማዳመጫ ስሙ፤ ጉዳቱ ካለ እዚያ ይታወቃል። 128 የነበረን ፋይል ወደ 320 መቀየር የጠፋውን አይመልስም፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ሌላው ችግር ክፍተት ነው። ብዙ የአምቢየንት አልበሞች አንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሳይቋረጥ ይፈሳል። ኤምፒ 3 ግን በፋይሉ መነሻና መድረሻ ላይ ጥቂት ዝምታ ስለሚጨምር በብዙ ማጫወቻዎች ላይ በየመሀሉ መቆራረጥ ይሰማል። ፍላክ ካገኛችሁ እሱን ያዙ፤ ካላገኛችሁ አልበሙ በአንድ ረጅም ፋይል እንዲሆን አድርጉ።

ስም አሰጣጥ ላይ አትሳነፉ። "ትራክ 01" የሚል ፋይል ባለቤት የሌለው ሬሳ ነው። የሠሪው ስም፣ የሥራው ስም፣ ዓመቱ በፋይሉ ስም ላይ ይጻፍ። በአማርኛ የተጻፈው አንዳንድ የመኪና ቴፕና አሮጌ ማጫወቻ ላይ ባዶ ሳጥን ወይም የጥያቄ ምልክት ሆኖ ስለሚታይ የላቲኑን ፊደል ከጎኑ ጨምሩ።

ቫይረስን በተመለከተ፦ ሜሞሪ በሚጫንባቸው ቤቶች ፍላሻችሁን ስትሰጡ ፋይሎቹ ሁሉ ወደማይከፈት ሾርትከት ተቀይረው ሊመለሱ ይችላሉ። እኔ አንድ ሙሉ ዓመት የሰበሰብሁትን እንዲህ አጥቻለሁ። የእቁቡ ፍላሽ ከአባላት ስልክና ኮምፒውተር ውጪ የትም አይሰካም፤ ሁለተኛ ቅጂም ጸሐፊው ዘንድ ይቀመጣል።

አራተኛ፦ እቁቡን አቋቁሙ

ከአምስት እስከ ስምንት ሰው ይበቃል። እንደ ማንኛውም እቁብ ዳኛና ጸሐፊ ምረጡ። ደንባችን እንዲህ ነው፦

እያንዳንዱ አባል በየሳምንቱ አንድ ሥራ ይጥላል። ሁለት አይፈቀድም። አንድ ብቻ ሲሆን ሰው ሳምንቱን ሙሉ ያስባል፣ ያማርጣል፣ ይሰማል።

ከሥራው ጋር ካርድ ይኖራል፤ የደብተር ሩብ ወረቀት። ሠሪው፣ ዓመቱ፣ ርዝመቱ፣ አባሉ ሥራውን እንዴት እንዳገኘው፣ በምን ሰዓት ቢሰማ እንደሚሻል፣ በመጨረሻም አንድ ዓረፍተ ነገር። ያ ዓረፍተ ነገር "በጣም ደስ ይላል" ከሆነ ጸሐፊው ካርዱን ይመልሳል። ሰሚው የሚጠብቀውን አንድ ነገር መጠቆም አለበት፦ "አሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ቤዙ ይጠፋል፤ ሲመለስ ክፍሉ የጠበበ ይመስላል" ዓይነት።

ዕጣ ይወጣል። የወጣለት ሰው የጣለው ሥራ በዚያ ቅዳሜ ከዳር እስከ ዳር ይሰማል፤ ሰውየውም የሌሎቹ ሥራዎች ያሉበትን ፍላሽና ካርዶቹን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሳምንት ሙሉ የእሱ ናቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሁሉ የያዘውን አንዱን መርጦ ለምን እንደያዘው ይናገራል። ዕጣው የደረሰው ሰው ዙሩ እስኪያልቅ ድረስ አይደገምም፤ መዋጮው ግን አይቀርበትም።

አንድ ደንብ ላይ አንደራደርም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የሠሪውን መብት ያስከብራል፤ ከሕጉ በፊት ደግሞ የምንወደውን ሰው ድካም መዝረፍ ነውር ነው። ፍላሹ ላይ የሚገባው ባለቤቱ እንዲሰራጭ የፈቀደው ሥራ ብቻ ነው። ክርየቲቭ ኮመንስ በሚባለው፣ ባለቤቱ ሥራው እንዲካፈል በሚፈቅድበት ፈቃድ የተለቀቁ ሥራዎች ብዙ ናቸው፤ ኢንተርኔት አርካይቭ በተባለው ድረ ገጽ ላይ ሙዚቃን በነፃ የሚያወጡ አሳታሚዎች ስብስብ ለዓመታት የሚበቃ ይዟል። የተገዛ ሥራ ግን ከገዛው አባል ስልክ በስብሰባው ላይ ይሰማል እንጂ ወደ ፍላሹ አይገለበጥም። ከፍላሹ ጋር የሚሄደው ካርዱ ብቻ ነው። ከዚህ ሆኖ ለመግዛት ካርድ ያስቸግራል፤ ውጭ አገር ዘመድ ያለው አባል ግን "ለልደቴ ጫማ አትላክልኝ፣ ይህን አልበም ግዛልኝ" ማለት ይችላል። ባንድካምፕ ከዲጂታል ሽያጭ የሚወስደው 15 በመቶ ስለሆነ ከክፍያ ማስተላለፊያ ወጪ የተረፈው አብዛኛው ገንዘብ ለሠሪው ይደርሳል።

አምስተኛ፦ ቅዳሜ፣ ከአቦል እስከ በረካ

ለስብሰባው ሌላ መርሐ ግብር አልፈጠርንም፤ ቡናው ራሱ ሰዓቱን ይከፍለዋል። ቡናው ሲቆላና ሲወቀጥ ሙዚቃ የለም። የሙቀጫው ድምፅ፣ የፍሬው መንጣጣት፣ የጎረቤት ዶሮ፤ ጆሮ ከመንገድ ጫጫታ የሚጸዳው ያኔ ነው። በአቦል ካርዶቹ ይነበባሉ፣ ዕጣ ይወጣል፣ ፍላሹን የመለሰው ሰው ይናገራል። ቶና ላይ ዕጣ የወጣለት ሥራ ይከፈታል፤ ማንም አይናገርም፣ ስልክ አይነካም። እትዬ እንኳን ሲኒውን የሚያቀርቡት ሳያንቃጭሉ ነው። በረካ የጨዋታው ነው። የሚከራከር ይከራከራል፣ ያልወደደ አልወደድሁም ይላል።

አንድ ሰው "አልወደድሁም" ሲል ለምን ብላችሁ አታፋጥጡት። የት ቦታ ላይ እንደተሰላቸ ጠይቁት። "አራተኛው ደቂቃ ላይ" ካለ ብዙ ነግሯችኋል፤ የሚቀጥለውን ለእሱ ስትመርጡ ታውቁበታላችሁ።

ድምፁን በስልክ ስፒከር አታሰሙ። የስልክ ስፒከር ዝቅተኛውን ድምፅ አያወጣም፤ የበገናው ወፍራም አውታሮች እንኳን ይጠፋሉ። በባትሪ የሚሠራ አንድ ደህና ስፒከር ከማዕዘን ራቅ አድርጋችሁ፣ ከተቀማጩ ጆሮ ትይዩ፣ በርጩማ ላይ አኑሩት። ማዕዘን ውስጥ ካስቀመጣችሁት ቤዙ ያብጣል። ግድግዳው ሲሚንቶ ከሆነ ጋቢ ወይም ምንጣፍ ስቀሉበት፤ ጭቃ ቤት ከሆነ ምንም አያስፈልገውም፣ ከብዙ ቪላ ይልቅ ጥሩ ድምፅ አለው። ስፒከሩ ዓርብ ማታ ይሞላ፤ ቅዳሜ መብራት ላይኖር ይችላል።

ሁለት ሰው አንድ ጆሮ ማዳመጫ ተካፍሎ ሲሰማ ብዙ ጊዜ አያለሁ። ፍቅሩ ያምራል፤ ሙዚቃው ግን ለሁለት ይሰነጠቃል። አንዱ የቀኙን፣ ሌላው የግራውን ብቻ ይሰማል። በስልኩ የተደራሽነት ማስተካከያ ውስጥ ሁለቱን ድምፅ አንድ የሚያደርገውን ሞኖ የሚለውን ምርጫ ክፈቱ። ሁለት ጆሮ ማዳመጫ የሚያሰካ ቅጥያ ገመድ ካገኛችሁ ደግሞ የተሻለ ነው።

የወሎ ስብስብ ስለሆንን የሁለቱንም ሃይማኖት ጾም እናከብራለን። በ2017 ዓ.ም. ሑዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡ፤ እቁቡን አቆምን። በዚያ ጊዜ የተሰበሰበው ነገር ቀጥሎ የምጽፈው ነው።

ስድስተኛ፦ ከራሳችሁ አካባቢ ቅረፁ

ስልካችሁ መቅረጫ ነው። ጥሪ እንዳያቋርጣችሁ የአውሮፕላን ሁኔታ ላይ አድርጉት፤ ማይክራፎኑን በነጠላ ጫፍ ወይም በንጹሕ ካልሲ ሸፍኑት፣ ነፋሱን ይቀንሰዋል። ሲጀመር ቦታውንና ቀኑን በድምፃችሁ ተናገሩ፣ ከዚያ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ሳትንቀሳቀሱ ቁሙ። የመጀመሪያው ደቂቃ ሁልጊዜ የእናንተ ትንፋሽ ነው፤ አካባቢው ራሱን የሚገልጠው ከዚያ በኋላ ነው።

የባቲ ገበያ ሰኞ ነው፤ ከደሴ በማለዳ ተነስታችሁ ግመሎቹ ሳይበተኑ ድረሱ። ሐይቅ ላይ ደግሞ ከፀሐይ በፊት፣ ጀልባ ውሃውን ሲከፍለው። ከሰው ድምፅ በፊት ፈቃድ ጠይቁ። መንዙማንና ቅዳሴን ግን ከምት ጋር ለመቀላቀል ብላችሁ አትቁረጡ። የሚያምር ነገር ሊወጣው እንደሚችል አውቃለሁ፤ ባለቤቱ ግን የሚጸልየው ሰው ነው። ሼኹ ወይም መሪጌታው ቢፈቅዱ እንኳን ሠርታችሁ መጀመሪያ ለእነሱ አሰሙ። የቀረፃችሁትን ለመቁረጥና ለማስተካከል ኦዳሲቲ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል።

ሰባተኛ፦ የራቁትን አትርሱ

መንገድ ሲዘጋ ወይም አባል ሲታመም በቴሌግራም እንልካለን። ሥራውን በድምፅ መልእክት አትቅረፁት፤ እንደ ፋይል ላኩት፣ እስከ 2 ጊጋባይት ያለምንም ለውጥ ይደርሳል። የሌሊት ጥቅል ገዝቶ ማውረድ ይረክሳል። ከዚያ ሰዓት እንቀጥራለን፤ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም በያለበት አንድ ላይ ይከፍታል። ሲያልቅ ሁሉም አንድ መስመር ይጽፋል፣ ከዚያ በፊት ማንም አይጽፍም።

ባለፈው ሳምንት ፍላሹ የነበረው ያ ሦስት ሺህ ፋይል ሰጥቼው ያልከፈተው ወዳጄ ዘንድ ነው። ትናንት በሚኒባስ ሹፌር እጅ ላከልኝ፤ ካርዶቹ በላስቲክ ታስረዋል። አንድ ካርድ ተጨምሯል፣ የእጅ ጽሑፉ የእሱ ነው፦ "ቦርከና፣ ድልድዩ ሥር፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ 22 ደቂቃ። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ የሚያልፈውን የጭነት መኪና ጠብቁት፤ ሲርቅ ወንዙን በሌላ ጆሮ ትሰሙታላችሁ።" ፋይሉን አልከፈትሁትም። ነገ ቅዳሜ ነው፤ አዲስ ዙር ይጀመራል፤ ዕጣው ለእሱ ከወጣ ቶና ላይ ይሰማል።